ሚሚ፣ አናፖሊስና እኔ፦ የሾፌሩ ማስታወሻ

ማርች 3፣ 2018፣ ቅዳሜ

ትናንት ራት ላይ የእህቴ ልጅ «ኔቫል አካዳሚ ላመለክት ነው» አለች። እንዲሁ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደሚባለው። እህቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችና ወደ ጓዳ ገባች። አያቷ አባባ የጠቀለሉትን ጉርሻ ይዘው ቀሩ። እኔ ዝም ብዬ መብላት ስችል «እኔ እረዳታለሁ» አልኩ። ይሄ ደብተር የዚያ አፌ ቅጣት ነው።

ሚሚ (የቤት ስሟ ነው፤ ሌላውን አልጽፍም) አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ኡበር እነዳለሁ። ስለ አሜሪካ ጦር የማውቀው ፔንታጎን በር ላይ ሰው አውርጄ መዞርን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

አካዳሚው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኖች ማሠልጠኛ ነው። በ1845 የተመሠረተው አናፖሊስ ላይ ነው፤ ከኛ ቤት 45 ደቂቃ ቢሆን ነው። አራት ዓመት ትምህርት፣ ምግብና መኝታ በነጻ። ተማሪዎቹን ሚድሺፕማን ይሏቸዋል፤ በኛ እጩ መኮንን መሆኑ ነው። ትንሽ ደሞዝ ቢጤም አላቸው። በምላሹ ሲመረቁ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለግላሉ። አመልካች የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። በሚገባበት ዓመት ጁላይ 1 ላይ 17 የሞላው፣ 23 ያላለፈ፣ ያላገባ፣ ልጅ የሌለው። በዓመት ወደ 16 ሺህ ሰው ያመለክታል፤ የሚገባው 1,200 ገደማ ነው።

ማመልከቻው ደግሞ ብቻውን አይበቃም። የኮንግረስ ሰው ሊጠቁምሽ ይገባል። ኖሚኔሽን ይሉታል። ከሁለቱ ሴናተሮቻችን፣ ከወረዳችን ተወካይ፣ ከምክትል ፕሬዚዳንቱም መጠየቅ ይቻላል። መጀመሪያ ሳነበው «ይሄማ ዘመድ ላለው ነው» አልኩ። አይደለም ለካ። ፎርም አለው፣ ኤሴይ (ድርሰት) አለው፣ ቃለ መጠይቅ አለው። አንድ ሴናተር ወይም ተወካይ በአንድ ጊዜ አካዳሚው ውስጥ ሊኖረው የሚችለው አምስት ልጅ ብቻ ስለሆነ ይሰስቱበታል።

ማርች 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ወደ አንድ የኮንግረስ ቢሮ ደወልኩ። ደህናውን እንግሊዝኛዬን አውጥቼ። ያነሳችው ልጅ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«አመልካቹ እርስዎ ነዎት?»

«አጎቷ ነኝ።»

«እሷ ራሷ ብትደውልልን ደስ ይለናል።»

አፈርኩ። እኛ ቤት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አባት ይቀርባል፣ አባት ከሌለ አጎት ይማልዳል። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ትልቅ ሰው በገባ ቁጥር ልጅቷ ታንሳለች። ማታ ለሚሚ ስነግራት «ጋሼ፣ አንተ ደወልክ?!» ብላ ፊቷን በትራስ ሸፈነች።

ስምምነት አደረግን። ስልክና ኢሜይል የሷ፤ መኪናና ሰዓት መያዝ የኔ።

ማርች 28፣ ረቡዕ

ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ አናፖሊስ ሄድን። አባባ ካልሄድኩ አሉ። ሱፍ ለበሱ፣ ከረባት አሰሩ። በእግረኛው በር መታወቂያ አሳይተን ገባን።

እኩለ ቀን ላይ ከባንክሮፍት ሆል ፊት ያለው አደባባይ ላይ ተሰለፉ። ባንክሮፍት መኝታቸው ነው፤ ወደ 4,400 የሚሆነው ተማሪ በሙሉ እዚያ አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው የሚያድረው። ከበሮ ተመታ። ከኛ ፊት ያለውን ሰልፍ የምታዝዘው ሴት ልጅ ነበረች፤ ቁመቷ ከሚሚ አይበልጥም፤ ድምፅዋ ግን ግድግዳውን ነክቶ ይመለሳል። ሴቶች እዚህ መግባት የጀመሩት በ1976 ነው። ሚሚ አንድም ፎቶ አላነሳችም። ስልኳን ረስታ እንደዚያ ስትቆም አይቻት አላውቅም።

አባባ ደግሞ ሌላ ቦታ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሁለት ትልልቅ መልሕቆች አሉ። አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። አባባ ምጽዋ ነው ያገለገሉት። «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ። መርከቧ ከዚያ በፊት የአሜሪካኖች ነበረች፤ ስሟም «ኦርካ» ነበር። በ1962 ነው ለኛ ባሕር ኃይል የተሰጠችው። አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ «ኦርካ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ዞር አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ናፍጣ ሞተር አወሩ። እኔ አስተረጉማለሁ ብዬ ቀርቤ ነበር። አላስፈለግሁም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባባ «ጃንሆይ ለባሕር ኃይል በዓል ሲመጡ ናሱን ፊታችን እስኪታይበት ነበር የምንወለውለው» አሉ። ሚሚ «አባባ፣ ይሄን ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?» አለቻቸው። «መቼ ጠየቅሽኝ?»

ኤፕሪል 14፣ ቅዳሜ

እህቴ ስድስት ሳምንት አኮረፈች። ዛሬ ቡና አፍልታ ጠራችኝ።

ታላቅ ወንድማችን በደርግ ጊዜ በብሔራዊ ውትድርና ሄደ። አዋጁ በኛ አቆጣጠር በ1975 ነው የወጣው። «ሄደ» እንላለን እንጂ ተወሰደ ነው የሚባለው። አልተመለሰም። መርዶውም በወጉ አልመጣም። እናታችን እስክትሞት ድረስ ልብሱን በየዓመቱ እያወጣች ታሰጣው ነበር።

እህቴ ሁለተኛውን ስኒ ቀድታ ስታበቃ እንዲህ አለች፦ «እሱን ማንም አልጠየቀውም። ይቺን ደግሞ ማንም አላስገደዳትም። የቱ ይብሳል?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። በረካው ላይ ግን ቃል አስገባችኝ፦ ልጅቷ ሌላም ዩኒቨርሲቲ ታመለክታለች። ተስማማሁ። አካዳሚው ራሱ የሚመክረው ይሄንኑ ነው። ይሄን አልነገርኳት፤ ያሸነፈች መስሎ ይሰማት ብዬ።

ሜይ 12፣ ቅዳሜ

አጭር ወሬዎች። ሰመር ሴሚናር የሚሉት የስድስት ቀን ፕሮግራም አለ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች አካዳሚውን ቀምሰው የሚመለሱበት። አመልክታ ነበር፤ አልተቀበሏትም። አንድ ቀን አለቀሰች። ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ሒሳብ 640። መድገም አለባት።

ትልቁ ወሬ የፑል አፕ ብረት ነው። የአካል ብቃት ፈተናው ስድስት ነገር አለው፤ አንዱ ፑል አፕ ነው። ሚሚ አንድም አትችልም። በር ላይ የሚንጠለጠል ብረት በ25 ዶላር ገዛሁ። መመሪያውን ሳላነብ ሰቀልኩት። በሦስተኛው ቀን የበሩ መቃን ከነሚስማሩ ወረደ። ልጅቷ መቀመጫዋ ላይ፣ ብረቱ የኔ ጭንቅላት ላይ። የአከራዩ ዲፖዚት ሄደ ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሰፈሩ መጫወቻ ቦታ ነን። ሕጻናት ተራ ይጠብቁናል።

ዘዴው ይሄ ነው። መውጣት ካልቻልሽ መውረድ ትችያለሽ። ሳጥን ላይ ቆማ አገጯን ከብረቱ በላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ እየቆጠርኩ በአምስት ሰከንድ ቀስ ብላ ትወርዳለች። አምስት ጊዜ። በሳምንት ሦስት ቀን። አሰልቺ ነው። ይሠራል።

ጁን 10፣ እሑድ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ አገራችን ባሕር ኃይል እንደገና ታቋቁማለች ብለዋል። አባባ ዜናውን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ባሕሩስ የት አለ?» አሉና ሳቁ። ቆይተው ደግሞ «ቢሆንም» አሉ።

ዛሬ የቅርጫት ኳስ ውርወራ ጀመርን። ፈተናው ለምን ይሄን እንደጨመረ ለማሰብ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ተንበርክከሽ፣ በአንድ እጅ፣ ከጭንቅላት በላይ ኳስ መወርወር ነው። ለሴት ሙሉ ነጥብ 66 ጫማ ላይ ነው። ከአፓርትመንቱ ጀርባ መኪና ማቆሚያው ላይ በኖራ መስመር አሰመርኩ። ሚሚ የመጀመሪያውን ወረወረች። 29። ሁለተኛውን፣ 31። ሦስተኛው የጎረቤት ቶዮታ መስኮት ነካ፤ ደግነቱ አልተሰበረም።

አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩ። «በክንድሽ ነው የምትወረውሪው» አሉ። «ወንጭፍ በክንድ አይወነጨፍም። ወገብሽን ወደኋላ አዙሪና ልቀቂው። ክንድሽ ተከትሎ ይመጣል።» ልጅነታቸውን ማሽላ ማሳ ላይ ወፍ ሲጠብቁ ነው ያሳለፉት። ሚሚ ሰውነቷን ጠመዘዘችና ለቀቀችው። 38። እኔ ከዩቲዩብ ሦስት ሰዓት የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ጁላይ 28፣ ቅዳሜ

ልምምድ የለም። ዲሲ ኮንቬንሽን ሴንተር፣ ዐቢይን ለማየት። አገር ምድሩ እዚያ ነበር። ሚሚ ወረፋ ላይ ቆማ የካልኩለስ ደብተሯን ታነባለች። አንድ ሰውዬ «ለምን ፈተና ነው?» ሲላት «ባሕር ኃይል» አለችው። «የኛ ነው?» አለ ደስ ብሎት። ሁላችንም ሳቅን።

ኦገስት 12፣ እሑድ

ፍልሰታ ነው። ሚሚ ካልጾምኩ አለች። እኔ ደግሞ ሥጋና እንቁላል ካልበላሽ ጡንቻው ከየት ይመጣል እላለሁ። እህቴ ሁለታችንንም አላናገረችም። ምስር ወጥ በድርብ፣ ሽሮ፣ ሽንብራ፣ የለውዝ ቅቤ በእንጀራ (አትጠይቁኝ፣ ይጣፍጣል)። ሩጫውን ማታ ከበላች በኋላ አዛወርነው። ዛሬ ሚሚ ያለ ሳጥን፣ ያለ እርዳታ አንድ ፑል አፕ ሠራች። መጫወቻው ቦታ የነበሩት ሕጻናት አጨበጨቡላት።

እህቴ ምስሩን በድርብ መሥራቷ አሜን እንደማለት ይቆጠራል? አልጠየቅኳትም።

ኦገስት 30፣ ሐሙስ

የወረቀት ቀን። ማንም ሐበሻ ይሄን ክፍል እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ሚሚ በዲቪ ነው የመጣችው፣ በስድስት ዓመቷ። እናቷ ዜግነት ስትወስድ እሷም አገኘች። ስለዚህ ዜግነቱ አለ፤ ችግሩ ስሙ ነው። ፓስፖርቷ ላይ የቤተሰብ ስሟ የአያቷ ስም ነው። ትምህርት ቤት ስትመዘገብ ደግሞ የአባቷን ስም ነው የጻፉላት። ኤስኤቲ በትምህርት ቤቱ ስም ተፈተነች። አካዳሚው ውጤቷን ከፋይሏ ጋር ማገናኘት አልቻለም። ሁለት ሳምንት ኢሜይል። እሷው ጻፈች፣ እሷው ደወለች። እኔ የወረቀቱን ኮፒ ለማንሳት ብቻ ነው የተፈለግሁት።

ሁለተኛው ያስቃል። ሚሚ የተወለደችው ጥር 1993 ነው። በኛ። የድሮው የክትባት ካርዷም 1993 ይላል። የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ ካርዱን አየች፣ ሚሚን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች። «ሃያ አምስት ዓመትሽ ነው?» አለቻት። ከሃያ ሦስት ካለፈ እኮ ዕድል የለም! ሚሚ አሥራ ሦስት ወር ስላለው አገር ቆማ ሌክቸር ሰጠች። ጸሐፊዋ መጨረሻ ላይ «እኔም ስምንት ዓመት ብቀንስ ደስ ይለኛል» ብላ አስተካከለችላት።

በሁሉም ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን አንድ አድርጉ። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል እያለ። አሁኑኑ።

ሴፕቴምበር 15፣ ቅዳሜ

ኤሴይ። የመጀመሪያው ስለ አባባ ነበር፦ ምጽዋ፣ መርከቧ፣ መልሕቁ። አነበብኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ግን አንብባ ስትጨርስ «ቆንጆ ነው። አያትሽን እንቀበላቸዋለን። አንቺስ የት አለሽ?» አለቻት።

ሚሚ ሦስት ቀን ተናደደች። ከዚያ ሌላ ጻፈች። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ አባባ ሐኪም ቤት ገብተው ነበር። የምታስተረጉመው እሷ ነበረች። ሐኪሙ ከባድ ነገር ተናገረ። እናቷ በአማርኛ «አሳጥሪው፣ ቀለል አድርጊው» አለቻት። እኛ በሽታን ለበሽተኛው አንናገርም። ሚሚ አባባን አየቻቸው። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። አባባ ጸጥ ብለው ቆዩና «እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረጋል?» አሉ። ሕክምናውን ጀመሩ፤ ይኸው አሁንም ወንጭፍ ያስተምራሉ።

እኔ ያን ቀን መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ነበር። ይሄን ታሪክ ከኤሴይዋ ነው የሰማሁት።

ሴፕቴምበር 22፣ ቅዳሜ

የጤና ፎርሙ መጣ። ዶድመርብ የሚባል የመከላከያ የሕክምና ቦርድ አለ፤ ለሁሉም አካዳሚ አመልካች እሱ ነው የሚመረምረው። ጥያቄው ረጅም ነው። አንዱ፦ ከአሥራ ሦስተኛ ልደትሽ በኋላ አስም ነበረብሽ? ኢንሄለር ተጠቅመሻል?

ቤቱ ጸጥ አለ። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ክረምቱን ሙሉ አስሏት ነበር። አንድ ክሊኒክ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያያት፣ «ለጥንቃቄ» ብሎ ኢንሄለር ጻፈላት። ሁለት ሳምንት ወሰደች፣ ተሻላት፣ ተረሳ። አሁን መዝገቡን ስናስወጣ «አስም ሊሆን ይችላል» የሚል ተጽፏል። አምስት ቃል የማይሞላ ነገር።

እህቴ «ማን ያውቃል? አትጻፊው» አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ከእህቴ ጋር ነበር። እንዲያውም አፌን ከፍቼ ነበር።

ሚሚ «ለአባባ ያልደበቅኩትን ለነሱ ልደብቅ?» አለች። ጻፈችው።

ኦክቶበር 9፣ ማክሰኞ

የአካል ብቃት ፈተናው ዛሬ ነበር። የስፖርት መምህሩ ነው የፈተናት፤ እኔ አጥር ውጪ።

ውርወራ 44 ጫማ። ፑል አፕ 4። አርባ ያርድ ምልልስ 9.3 ሰከንድ። ክራንች 71። ፑሽ አፕ 36። ማይሉ ላይ ሦስተኛው ዙር ከብዷት ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ መውጣት ጀመረ። ስትደክም የምታደርገው ነው። «ትከሻ!» ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ራሷ አወቀችው፤ እጇን አራገፈችና ወረደ። 7 ደቂቃ ከ21። ሙሉ ነጥቡ 6 ደቂቃ ነው። አልደረሰችም፤ ግን ማርች ላይ ዘጠኝ ደቂቃ የነበረች ልጅ ናት።

ኦክቶበር 27፣ ቅዳሜ

የቃለ መጠይቅ ልምምድ። ይሄ ከፑል አፑ በላይ ከበደን።

ሚሚን ጨዋ አድርገን ነው ያሳደግናት። ትልቅ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን ትሰብራለች፣ ድምፅዋን ታወርዳለች። ሲያመሰግኗት «ኧረ ምንም አይደል» ትላለች። እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰው ተቀምጦ «ስላከናወንሽው ንገሪን» ይላታል። ወንበር ደርድረን እኔ፣ እህቴና አባባ ዳኛ ሆንን።

«ቤተ ክርስቲያን ሕጻናትን ፊደል እናስተምራለን።»

«ማን ነው እናስተምራለን?»

«እኛ።»

«እነማን?»

ዝም። ቆይታ፦ «እኔ ነኝ። ሌሎቹ በዚያው ቀርተዋል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሃያ ሁለት ልጅ ብቻዋን ታስተምራለች። «እኔ» ለማለት ግን ጉራ ይመስላታል። አባባ ናቸው የፈቱት። «መርከብ ላይ አለቃ ሞተሩን ማን አየው ሲል እኛ አይባልም» አሉ። «እኔ አይቼዋለሁ ይባላል። ከተበላሸ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።» ጉራ ሳይሆን ኃላፊነት መሆኑ ሲገባት ቀና አለች። ዓይኗን ግን ገና ነው። ቅንድቤን እይ አልኳት።

አካዳሚው የሚልከውም ሰው መጣ። ብሉ ኤንድ ጎልድ ኦፊሰር ይሉታል፤ በየአካባቢው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እህቴ ሦስት ዓይነት ወጥ ሠርታ ጠበቀች። ሰውየው በትሕትና «ከልጅቷ ጋር ብቻዬን ላውራ» ሲል ሁላችንም ጓዳ ገብተን ተፋፈግን። ስምንት ካሬ ሜትር፣ ሦስት ትልቅ ሰው፣ አንድ ጀበና። ሳሎን ውስጥ ሲስቁ ይሰማናል።

ኖቬምበር 17፣ ቅዳሜ

ቃለ መጠይቅ። የኖሚኔሽኑ ነው፤ ሃያ ደቂቃ። ወጥታ መኪና ውስጥ ገባችና ጫማዋን አወለቀች። ባትገቢስ ምን ታደርጊያለሽ አሏት። «በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» አለቻቸው። ዓይናቸውን አየሽ ወይ? «የአንዷን ጉትቻ።»

ዲሴምበር 11፣ ማክሰኞ

ከዶድመርብ ደብዳቤ፦ ብቁ አይደለችም። ምክንያት፣ ኢንሄለሩ።

እህቴ «ብያችሁ ነበር» አላለችም። እጇን ልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጋ ቆመች፣ በቃ። እኔ ግን ውጪ ወጥቼ መኪናዬን ረገጥኩ። ጎማውን።

ይሄ መጨረሻ አይደለም፤ ዌቨር የሚባል ልዩ ፈቃድ አለ። አካዳሚው ልጅቷን ከፈለጋት እሱ ራሱ ይጠይቅላታል። እሷ ማመልከት አትችልም። እኔማ ጭራሽ።

ዲሴምበር 20፣ ሐሙስ

ኖሚኔሽን አገኘች! ከአንዱ ሴናተር። ሁለቱ አልሰጧትም፤ አንድ ይበቃል። አባባ ደብዳቤውን ከቅዱስ ሥዕሉ ሥር አስቀመጡት።

ጃንዋሪ 31፣ 2019፣ ሐሙስ

ፋይሉ ዛሬ ተዘጋ። ኤስኤቲ ሒሳብ 690። የሳንባ ምርመራውም አለቀ፤ የአየር ቧንቧን የሚያስቆጣ ነገር አስተንፍሰው ስንት እንደሚጠብ ለኩ። ምንም አልጠበበም። ሐኪሙ «አስም የሚባል ነገር አላየሁም» ብሎ ጻፈ። አንድ ክሊኒክ በአምስት ደቂቃ የጻፈውን ለመፋቅ አራት ወር።

ከእንግዲህ መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍት አልቆጥርም። እኔም እከፍታለሁ፤ የይለፍ ቃሉን ስለማላውቅ መግቢያውን ገጽ አይቼ እዘጋለሁ።

ማርች 14፣ ሐሙስ

ዌቨሩ ተፈቀደ። በዚያው ሳምንት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ ነበሩ፤ ባሕር ኃይላችንን ሊረዱ ተፈራረሙ። አባባ ሁለቱንም ዜና እንደ አንድ ነው የያዙት። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የኛም ጉዳይ እየሄደ ነው» ይላሉ።

ኤፕሪል 11፣ ሐሙስ

ኢሜይሉ የመጣው ከትምህርት ቤት ስወስዳት ነው። አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ወደ ቤት መታጠፊያውን አለፍኩት፣ ልቤ እዚያ ስላልነበረ።

አልገባችም። ግን ሌላ ነገር ሰጧት፦ ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ያለው የአካዳሚው መሰናዶ ትምህርት ቤት። ናፕስ ይሉታል። አሥር ወር ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛ፣ ከነዩኒፎርሙ። ካለፈችው በሚቀጥለው ዓመት አናፖሊስ። ለዚህ ራሱን አስችሎ ማመልከት አይቻልም፤ እነሱ ናቸው የሚመርጡት። እጃቸው ላይ ካለው ፋይል ሁሉ ይቺን ልጅ ማጣት አልፈለጉም ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነው የተረጎምኩት።

አንድ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በግማሽ ስኮላርሺፕ ተቀብሏታል። የእህቴ ዩኒቨርሲቲ።

ምክር ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ሚሚ እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ ንዳ።»

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

እህቴ ዛሬ ጠየቀችኝ፦ «ኒውፖርት በመኪና ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ይሆናል።»

«ሰባት ሰዓት» አለች። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። «ድሬዳዋ ማለት ነዋ።»

ኦገስት 2019፣ መንገድ ላይ

ይዘሽ ነይ የሚለው ዝርዝር አጭር ነው። የሩጫ ጫማ፣ ቀድሞ የተለማመደ። ወረቀቶች (ስሙ ሁሉም ላይ አንድ ነው)። ጥቂት ልብስ። አባባ ሸሚዟን እንዴት እንደሚታጠፍ ሁለት ሳምንት አሠለጠኗት፤ ስፋቱ መዳፍ ከነአውራ ጣት። ጫማዋን ራሳቸው ወለወሉት። የሸራ ጫማ ነው፤ ቢሆንም።

እህቴ ሦስት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሻንጣዋ ሥር ደበቀችው። ሚሚ በሩ ላይ ስትደርስ አገኘችው። «ማሚ፣ ምግብ አይፈቀድም።» አውጥታ ለኔ ሰጠችኝ። እህቴን አቀፈቻት። አባባን ጉልበታቸውን ሳመች። እኔን ስትሰናበት ዓይኔን ቀጥ አድርጋ አየችኝ። ቅንድቤን አይደለም።

ከዚያ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ስሟን በአያቷ ጠራ። «እዚህ ነኝ» አለች፤ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

አሁን ኮነቲከት ነኝ። አባባ ከኋላ ተኝተዋል። እህቴ መስኮቱን ታያለች። ዳቦ ቆሎው ከፊት ወንበር ላይ ተከፍቷል፤ ሦስታችንም እጃችንን ሰደድ እያደረግን ነው የምንነዳው።